የድልድዩ ደብዳቤ

ዳኛ ያደረጉኝ ስለማላወራ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አፉን የሚይዝ ሰው ከማግኘት የድሮ ሞዴል ፍሬን ሸራ ማግኘት ይቀላል። የመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ሁለቱንም ፈልጌ አውቃለሁ።

በዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሾፌሮች ማረፊያ ክፍል የጦር ጨዋታችን ካርታ ይወጣል። ጣውላ ላይ የተቀባ ነው፤ አንድ ወንዝ፣ ትንሽ ተራራ፣ ሃያ አራት ከተማ። ወታደሩ ብሎን ነው፣ ምሽጉ ዳዶ። ቀድሞ አስር ከተማ የያዘ ያሸንፋል። ዕጣ የለም፣ እድል የለም። ያለው ሰውን ማሳመን ብቻ ነው።

ማሳመኑ በአፍ አይደለም። ድሮ በአፍ ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ሾፌሮች "ብለኸኛል፣ አላልኩህም" ተባብለው የአንዱ ጥርስ ወለቀና ደንብ ወጣ። ቃል ሁሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ጽሑፍ ሁሉ በዳኛ በኩል ያልፋል። ጨዋታው በወቅት የተከፋፈለ ነው፤ በየወቅቱ መጀመሪያ አስራ አምስት ደቂቃ ትንፍሽ ሳይሉ ይጻጻፋሉ። እኔ አነባለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ አደርሳለሁ። ማኅተሙ "ወጪ ሆኗል" ይላል፤ የመለዋወጫ ክፍሉ ነው፣ ሌላ የለንም። ከዚያ ሁሉም ትእዛዙን ጽፎ ቆርቆሮው ውስጥ ይከታል፣ እኔ ከፍቼ አነባለሁ።

ስለዚህ ማንኛውንም ውሸት ከተዋሸበት ሰው ሩብ ሰዓት ቀድሜ አውቀዋለሁ። ቅንድቤን እንኳን ማንሳት አይፈቀድልኝም።

መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለዲፕሎማሲው ከአስር ነጥብ እሰጣለሁ። ማን እንዳሸነፈ በሳምንቱ ይረሳል፤ ነጥቡ ግን ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጭቃል። ሰዎች መክዳት ነጥብ ያስቀንሳል ይመስላቸዋል። አያስቀንስም። የማልወደው ያለጊዜው የሚክደውን ነው። ወዳጁ በልቶት እስኪጨርስ በጊዜ የማይክደውንም እንደዚያው። ጥሩ ኅብረት ማለት አንዱ ያለ ሌላው ማደር የማይችልበት ነው። "ውለታህን አልረሳም" የሚል ደብዳቤ ሳይ ጸሐፊው እንዳለቀለት አውቃለሁ። የሚሰጠው ከተማ ቢኖረው ውለታ አያወራም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው። ከጣውላው ውጪ ያለ ነገር ደብዳቤ ውስጥ አይገባም። ከገባ ዳኛዋ ተነስታ ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ ጸሐፊው ከጨዋታው ይወጣል፣ ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ጥበቃ ለአንዷ ጽዳት ሠራተኛ "ሰሜኑን ከለቀቅሽልኝ ሬዲዮኔን እሰጥሻለሁ" ብሎ ጽፎ ተለጠፈበት። ይኸው እስከዛሬ ስሙ ሬዲዮ ነው። ልጆቹ ራሱ እየመጡ "ሬዲዮ አለ?" ይላሉ።

በዚህ ዓመት መጨረሻው ላይ አራት ሰው ቀረ።

እህቴ ዘጠኝ ከተማ ይዛለች። በአስራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ የስምሪት ኃላፊ ናት። የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚወጣ እሷ ናት የምትጽፈው። ጋራዡ በሙሉ "እትዬ" ነው የሚላት፣ ከእሷ የሚበልጡት ጭምር። አራት ዓመት ተከታትላ አሸንፋለች።

ጋሽ ብሎን ሰባት ይዘዋል። ዋናው መካኒክ ናቸው። አስራ አንድ ዓመት ተጫውተው አንዴም አላሸነፉም። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣሉ።

ዝግታ አምስት አለው። ሾፌር ነው። ስሙን ያወጡለት ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው፤ ሃያ ዓመት ዶሮ አልገጨም። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሦስት ከተማ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ለሁሉም "ወዳጄ" ብሎ ይጽፋል፣ ማንም አይመልስለትም።

ድልድዩ የዝግታ ነው። ከድልድዩ ጀርባ የጋሽ ብሎን ከተሞች አሉ። ዝግታ ድልድዩን ከያዘ እትዬ አታልፍም። ጋሽ ብሎን ደግሞ የዝግታን ሰሜን ከምክትሉ ይጠብቁለታል። እያንዳንዳቸው የቤታቸውን በር ለሌላው ሰጥተዋል። ስምንት ወቅት እንደዚህ ቆዩ። ከዳኘሁት ሁሉ የተሻለው ኅብረት ነው፣ ነጥቡን በሆዴ ይዤዋለሁ።

ዘጠነኛው ወቅት ላይ የጋሽ ብሎን ወረቀት መጀመሪያ መጣ። ለዝግታ ነው። "ልጄ፣ ያዝልኝ። በሚቀጥለው እንጨርሳለን።" ማኅተሙን አንስቼ ሳልመታ የእህቴ ወረቀት ከላዩ ላይ አረፈ። እሱም ለዝግታ ነው።

"ድልድዩን ባዶ አድርገው። የሰኞው ዝርዝር ገና አልተፈረመም።"

ጣውላው ላይ ክረምትና በጋ እንጂ ሰኞ የለም።

ዝርዝሩን ሁሉም ያውቀዋል። የስድስት ወር የፈረቃ ድልድል ነው፣ ሰኞ ይለጠፋል። የዝግታ ሚስት በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት ኩላሊቷን ትታጠባለች። እሱ የከሰዓት ሾፌር ነው። እስከዛሬ የምትወስዳት ጎረቤታቸው ናት፤ ጎረቤቷ ቤት ልትቀይር ነው። ይህን የነገረኝ መስታወት ሊቀይር መጥቶ ነው፣ ፈርሞ ሲጨርስ፣ ወደ በሩ እያየ። ጠዋት ፈረቃ እንዲሰጠው ሦስት ጊዜ አመልክቷል።

"ለእትዬ ብትነግሪልኝ" አለኝ።

"ራስህ ንገራት" አልኩት። በእኔ በኩል የሚሄድ ነገር አልወድም። እህቴም አትወድም።

እህቴን ሳልበድላት ልናገር፤ ጠረጴዛዋ ላይ አርባ ማመልከቻ አለ። ሁሉም በሽተኛ አለው። ሁሉም ጠዋት ይፈልጋል።

ቀና አልኩ። እያየችኝ ነው። ያኔ ገባኝ። ደብዳቤውን መጀመሪያ የማነበው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። ተነስቼ ካነበብኩት እሷ ትወጣለች፣ ዝግታ ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ፈረቃ አያገኝም። ማን ይሰጠዋል? ቢሰጠው "በድልድይ ገዛው" ይባላል። ማኅተም መትቼ ካደረስኩለት ደግሞ ድልድዩ የእሷ ነው። በሁለቱም በኩል እጄን አስራዋለች። ስትጽፈው እኔንም ቆጥራኛለች።

ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል።

ሁለቱንም ወረቀት ያዝኩ። የእሷን አጥፌ ሱሪዬ ኪስ ከተትኩት።

"ደብዳቤ ጠፍቶብኛል" አልኩ።

ዝምታው ተሰበረ። ጋሽ ብሎን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ደብዳቤ። የእትዬ ነው።"

"አስራ አንድ ዓመት አንድ ዳዶ ያልጎደለባት ልጅ" አሉ። "እኔ ግማሽ ብሎን ስወስድ የምታስፈርመኝ።"

"ፈልጊው" አለች እህቴ።

"ፈልጌያለሁ።"

"ጠረጴዛው ሥር እዪ።"

"አይቻለሁ።"

"ኪስሽንስ?"

"መሀረብ ነው ያለው።"

ምክትሉ ደንቡን አወጣ። ደንብ ሲያነብ ደስ ይለዋል። ደብዳቤ የጠፋበት ወቅት የደብዳቤ ወቅት አይደለም፤ የተጻፈው ሁሉ ለጸሐፊው ይመለሳል፣ ሁሉም ያለ ደብዳቤ ትእዛዙን ይጽፋል። ደብዳቤ ያጠፋ ዳኛ ደግሞ ከዚያ ጨዋታ በኋላ አይዳኝም።

"ያሳዝናል ወዳጄ" አለኝ።

"ግድ የለም" አልኩት።

የጋሽ ብሎንን ወረቀት መለስኩላቸው። ዝግታ አላየውም። አራቱም ጎንበስ ብለው ጻፉ። ሳስበው ሁሉን አስተካክያለሁ። ማስፈራሪያው አልደረሰውም፤ ድልድዩን ይይዛል፣ ሰኞ እንደሌላው ሰው ዝርዝሩን ያያል። እህቴን ማታ ቤት ውስጥ እነግራታለሁ።

ቆርቆሮውን ከፈትኩ።

የምክትሉ፣ "ባለሁበት እቆያለሁ።" የጋሽ ብሎን፣ "ሰሜኑን እጠብቃለሁ።" የእህቴ፣ "አራት ብሎን በድልድዩ ላይ።" ደብዳቤዋ እንዳልደረሰ እያወቀች።

የዝግታ፣ "ድልድዩን ለቅቄ ወደ ኋላ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ደብዳቤ አላስፈለገውም። ሰኞ ስሙን የምትጽፈው ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ የቀረውን ራሱ ጻፈው።

"እጅህ ስቶ ነው?" አሉ ጋሽ ብሎን።

"አልሳተም ጋሽዬ።"

"ስምንት ወቅት።"

"አውቃለሁ።"

ድልድዩ ላይ የነበሩትን የእሱን ሦስት ብሎኖች አንድ በአንድ አነሱና መዳፉ ላይ አኖሩለት። እጁ ቁልቁል ወረደ።

እህቴን በዓይኔ ጠራኋት። ኮሪደሩ ላይ፣ የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆምን። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

"ስጪኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ጠፋ ያልሽውን።"

"አልሰጥሽም።"

"አልደረሰውም እኮ። በምን ልትከሺኝ ነው? ሰውየው በገዛ እጁ ለቀቀው።"

"ፈርቶሽ ነው የለቀቀው።"

"ሰው መፈራቱ ወንጀል ነው? ሁለት መቶ ሾፌር በምን አስተዳድራለሁ፣ በዘፈን?"

"እትዬ፣ አሁን ፈረቃውን ብትሰጪው ገዝተሽው ነው። ባትሰጪው ሚስቱን ማን ይወስዳታል?"

ቧንቧውን አጠበቀችው። አሁንም ይንጠባጠባል።

"ሰጥቼዋለሁ" አለች። "ዓርብ ፈርሜለታለሁ። ጠዋት።"

"ውሸትሽን ነው።"

"የዋሸሁት ደብዳቤው ላይ ነው። ደብዳቤ ላይ መዋሸት ይፈቀዳል። ራስሽ አይደለሽም ነጥብ የምትሰጪበት?"

አየኋት። እህቴ ስትዋሽም እውነት ስትናገርም ፊቷ አንድ ነው። ልጅ ሆኜም መለየት አልችልም ነበር።

"እንግዲያው ግቢና ንገሪው።"

"ጨዋታው መሀል?"

"አሁን። ካልሆነ እለጥፈዋለሁ።"

"ጠፋ ብለሽ? ውሸታም መሆንሽን ነው የምትለጥፊው።"

"እኔም እለጠፋለሁ።"

"ይሄ ከጣውላው ውጪ ነው" አለች። ትንሽ ፈገግ አለች።

"አዎ።"

"የጫማ ክር ማሰር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"አሁን ክር የሌለው ነው የማደርገው።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። አልተቀመጠችም።

"የጠፋው የእኔ ደብዳቤ ነው" አለች። "ደንቡ የጠፋበት ሰው ከጠየቀ ወቅቱ ይደገማል ይላል። ይደገም።"

ምክትሉ ደንቡን ገለጠ። እውነት ነው። ወቅቱ የቀናው ሰው ይደገምልኝ ሲል ግን ታይቶ አይታወቅም። ወረቀቱን ደጋግሞ አየው፣ ሌላ መስመር ይኖረዋል ብሎ ይመስላል።

"እና ዝግታ" አለች እህቴ። "ጠዋት ፈረቃ ነህ። ዓርብ ፈርሜዋለሁ፣ ሰኞ ታየዋለህ። አሁን የፈለግከውን ጻፍ፣ አይለወጥም።"

ዝግታ ጣውላውን እያየ ቆየ። ጆሮው ቀላ። ምን ፈርቶ እንደነበር አሁን ሁሉም ያውቃል፣ ጋሽ ብሎንም ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ። ግን ጋሽ ብሎን ወደ እሱ አላዩም። የሚያዩት ድልድዩን ነው።

"ይጻፍ" አልኩ። ብሎኖቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ደብዳቤ አሁንም የለም፤ ያው ወቅት ነው።

ዝግታ ቶሎ ጻፈ። እሱ ቶሎ የሚያደርገው ነገር አይቼ አላውቅም። ከዚያ አፉን ከፈተ፣ ወደ ጋሽ ብሎን።

"ዝም" አልኩ። ደንብ ነው። አፉን ዘጋ።

ጋሽ ብሎን እስክሪብቶውን ያዙ፣ ተዉት፣ ያዙ። የጻፉትን ሸፍነው ከተቱ። ከእኔ እንኳን ሸፈኑት።

ከፈትኩ። ምክትሉ፣ "ባለሁበት እቆያለሁ።" እህቴ፣ "አራት ብሎን በድልድዩ ላይ።" እንደ ፊቱ፣ ቃል አልቀየረችም።

ዝግታ፣ "ድልድዩን እይዛለሁ። አልለቅም።"

በደንቡ "እይዛለሁ" ይበቃል። "አልለቅም" የሚል ትእዛዝ የለም።

የመጨረሻውን ስከፍት ጣቴ ቀድሞ አወቀው። ጋሽ ብሎን፣ "ሦስት ብሎን ከከተማዬ ወጥተው ድልድዩን ከኋላ ይምቱ።"

ይለቅብኛል ብለው ነው። ባዶ ሆኖ እሷ ሳትገባ ልዝጋው ብለው ነው። አንዴ የለቀቀ ሰው ሁለተኛ አይለቅም ብሎ የሚያምን መካኒክ የለም፤ አንዴ የተፈታ ብሎን እንደገና ይፈታል። እኔም እሳቸውን ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር።

ቆጠርን። በደንቡ እኩል ብሎን ከተጋጨ ይጠፋፋል፤ የጋሽ ብሎን ሦስት ብሎኖችና የዝግታ ሦስት ብሎኖች ድልድዩ ላይ ተጠፋፉ። እህቴ በባዶ ድልድይ አልፋ፣ የጋሽ ብሎን ወታደር ለቅቆት የወጣውን ከተማ ያዘች። አስር።

ጋሽ ብሎን የዝግታን ወረቀት ከእጄ ወስደው አነበቡት። መነጽራቸውን አወረዱና ደገሙት።

"ይዘኸው ነበር" አሉ።

"ይዤው ነበር ጋሽዬ።"

"ብትነግረኝ ምን አለበት?"

"በደብዳቤ ብቻ ነዋ" አለ ዝግታ። "ደብዳቤ ደግሞ ጠፋ ተባለ።"

አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ጭኔ ላይ ይኮሰኩሰኛል።

እህቴ ብሎኖቹን በቀለም በቀለም እየለየች ወደ ዕቃቸው ትመልሳለች። አጠገቧ ሄድኩ።

"ይደገም ስትዪ ይሄን አስበሽው ነበር?" አልኳት በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"ሁለተኛ እንደማያምኑት።"

አንድ ቀይ ዳዶ አንስታ ቀዳዳው ውስጥ አየች።

"ነጥብሽን ስጪ" አለችኝ። "ሰው ቤቱ ሊሄድ ነው።"

ሰጠሁ። ለምክትሉ ሁለት። "ለምን ሁለት?" አለ፣ ማንም አልመለሰለትም። ለጋሽ ብሎን ስድስት። ለዝግታ አራት፤ ከድቶ ነበር፣ ያለጊዜው። ለእህቴ ዘጠኝ። እስክሪብቶው እንቢ አለኝ እንጂ ሌላ ቁጥር አልነበረም። ስምንት ወቅት የቆየ ኅብረት አንድ ከተማ ሳትሰጥ አፍርሳለች፤ የሚዳኘው ይህ ነው፣ እኔ ደግሞ ያን ቀን ገና ዳኛ ነኝ።

ማታ ቤት ስንደርስ ወረቀቱን አልጠየቀችኝም። ቀድጄ ጣልኩት። ምግብ አቀረበች፣ በላን። ስለ ቧንቧው አወራን፣ ሰው ማስጠራት አለብን ተባባልን።

ሰኞ ዝርዝሩ ተለጥፎ ነበር። ዝግታ ጠዋት። ከታች የእህቴ ፊርማና ቀን፣ ዓርብ ይላል። ዓርብ ብሎ መጻፍ ሰኞም ይቻላል። ጠጋ ብዬ ቀለሙን አየሁ፣ ምንም አይናገርም።

ዝግታ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ስሙን አገኘው። ለማንም አላሳየም። ወደ አውቶቡሱ አልሄደም፤ ወደ ጥገና ነው የሄደው። እኔ በተከፈተው መስኮቴ ነው የማየው። ጉድጓዱ ላይ አንድ አውቶቡስ ቆሟል፣ ጋሽ ብሎን ከሥሩ ናቸው፣ የሚታየው ክርናቸው ብቻ ነው። ዝግታ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ጋሽዬ" አለ።

ብረት በብረት ይመታል።

"ጋሽዬ፣ ሚስቴ ነች እኮ። ታማለች።"

ምቱ ቆመ። ከዚያ ጥቁር ዘይት የነካው እጅ ከሥር ወጣ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

"አስራ ሰባት ቁልፍ ስጠኝ።"

ዝግታ ሣጥኑን አመሰው፣ አንዱን አንስቶ አቀበለ። እጁ ገባ። ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

"ይሄ አስራ ዘጠኝ ነው" አለ ከሥር ያለው ድምፅ። "አስራ ሰባት ነው ያልኩህ።"

ዝግታ እንደገና ፈለገ። የእሱ አውቶቡስ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ስምሪት በድምፅ ማጉያ ስሙን ይጠራል። አልቸኮለም።